የራት ወንበር በኒውዮርክ፣ የጥምቀት አልጋ በጎንደር፦ ቦታ ማስያዝ ለምን ሽሚያ ሆነ?

በኒውዮርክ ስመ ጥር በሆኑ ምግብ ቤቶች ለአንድ ምሽት የተያዘ የራት ቦታ፣ የምግቡ ሒሳብ ሳይገባበት፣ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ቆይቷል። ይህ ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ጎንደር ሲደርስ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይከተለዋል። አንዱ ወገን የጥጋብ ጣጣ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ስለ ኒውዮርክ ሕግ የሰማውን ይዞ «አሜሪካ ቦታ ማስያዝን ከለከለች» ይላል። የኋለኛው ፍጹም ስሕተት ነው፤ ሕጉ የከለከለው ምግብ ቤቱ ሳይፈቅድ የተያዘን ቦታ መቸርቸርን ነው። የፊተኛው ደግሞ ጉዳዩን ከእኛ አርቆ ያስቀምጠዋል። ጥር ሲገባ አልጋ ፍለጋ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ሆቴል ሲያዳርስ የሚውል እንግዳ የሚገጥመው ችግር ሥሩ ያው ነው።

የቦታ ማነስ የዚህ ችግር አንድ ገጽ ብቻ ነው። ሽሚያውን የሚያከረው ቦታ መያዝ ምንም የማያስከፍል፣ ቃል ማፍረስም ምንም የማያስቀጣ ሲሆን ነው።

ወንበሩ ውስን፣ ምሽቱ አላፊ

ዛሬ ያልተሸጠ ጤፍ ነገ ይሸጣል። ዛሬ ማታ ባዶ ያደረ ወንበር ግን ነገ ሁለት ሆኖ አይመጣም፤ ገቢው እዚያው ቀልጦ ይቀራል። የሆቴል አልጋ፣ የአውሮፕላን መቀመጫና የሠርግ አዳራሽም ከዚሁ ወገን ናቸው። ስለዚህ ባለቤቱ በሁለት ፍርሃት መካከል ይኖራል፤ ባዶ ማደር አንዱ፣ ሞልቶ እንግዳ መመለስ ሌላው።

ፈላጊ ከቦታ ምን ያህል ሊበልጥ እንደሚችል ኤል ቡሊ ጥሩ ማሳያ ነው። በስፔን ካታሎኒያ፣ ሮዘስ ከተማ አጠገብ የነበረው ይህ ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ከመዘጋቱ በፊት በአንድ የሥራ ወቅት 8,000 ያህል ሰው ያስተናግድ ነበር፤ ቦታ ለማግኘት የሚቀርበው ጥያቄ ግን እስከ ሁለት ሚሊዮን ይደርስ እንደነበር ይነገራል።

ታዲያ ዋጋውን ለምን አይጨምሩትም? ይህ ጥያቄ የኢኮኖሚ ባለሙያዎችን ብዙ አከራክሯል። ጌሪ ቤከር የኖቤል ሽልማት ከማግኘቱ አንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ባሳተመው አጭር ጥናት በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ያየውን ያነሣል። አንድ የባሕር ምግብ ቤት ደጃፉ በሰልፍ ይጨናነቃል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው፣ ተመጣጣኝ ምግብ በጥቂቱ ከፍ ባለ ዋጋ የሚያቀርበው ሌላ ምግብ ቤት ግን ብዙ ወንበሩ ባዶ ነው። እንደ ቤከር አስተያየት ሰው ሌላው የሚፈልገውን ይፈልጋል፤ ሰልፉ ራሱ ፈላጊ ይጠራል። ዋጋ ተጨምሮ ሰልፉ ከተበተነ፣ ሰልፉን አይተው ይመጡ የነበሩትም አብረው ይጠፋሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ሰዎች ስለ ፍትሕ ያላቸው ስሜት ነው። ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ኔችና ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት፣ የበረዶ መዛቂያ አካፋ በ15 ዶላር ሲሸጥ የቆየ ሱቅ ከባድ በረዶ በወረደ ማግስት ዋጋውን 20 ዶላር ቢያደርገው ተገቢ ነው ወይ ብለው ጠይቀው ነበር። ከመላሾቹ 82 በመቶ የሚሆኑት ተገቢ አይደለም አሉ። ምግብ ቤት ከደንበኞቹ ጋር ለዓመታት መኖር አለበትና፣ ለአንድ ምሽት ትርፍ ብሎ ስሙን ማጉደፍ አይፈልግም። ይህን የጎንደር ሆቴል ባለቤቶችም ያውቁታል፤ በጥምቀት ሰሞን ዋጋ ያናረ ሆቴል ወቀሳው ዓመቱን ሙሉ ይከተለዋል።

በመካከል ያለውን ማን ይበላዋል?

በተለጠፈው ዋጋና ሰው ሊከፍል በሚፈቅደው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ የሚበላው አያጣም። በኒውዮርክ ቀድሞ ተጠቃሚው በር ላይ የሚቆመው አስተናጋጅ ነበር፤ ሲጨባበጡ እጁ ውስጥ የሚቀር ገንዘብ ወንበር ያስገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው ኦፕንቴብል በኢንተርኔት ቦታ ማስያዝን አለመደ። በ2014 የጉዞ ማስያዣ ኩባንያው ፕራይስላይን በ2.6 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ በዚያው ዓመት ሬዚ የተባለ ተፎካካሪ ተመሠረተ። ማንም ሰው ከቤቱ ሆኖ ቦታ የሚይዝበት ዘመን መጣ ተባለ።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ብዙ ተፈላጊ ምግብ ቤቶች የአንድን ቀን ወንበሮች ከሁለት ሳምንት ወይም ከአንድ ወር በፊት፣ አስቀድማ በታወቀች ሰዓት ይለቃሉ። የኒውዮርኩ ሕግ ከመምጣቱ በፊት በዚያች ሰዓት ቦት ይገባ ነበር። ቦት ማለት ሰው በጣቱ የሚሠራውን አስመስሎ በራሱ የሚፈጽም የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ሰው ስሙን ጽፎ ሳይጨርስ እሱ የዓርብና የቅዳሜ ምሽትን ይጠርጋል። የቦቱ ባለቤት ሊበላ አላሰበም። የያዘውን ቦታ አፖይንትመንት ትሬደርን በመሰለ የመሸጫ ድረ ገጽ ላይ ያወጣዋል። ገዢ ከተገኘ ትርፍ ነው። ካልተገኘ ቀኑ ሲቃረብ ይሰርዘዋል፤ ሲይዘው አልከፈለምና ሲተወው አይጎድልበትም። ኪሳራው የምግብ ቤቱ ነው። ሥጋው ተገዝቷል፣ አስተናጋጁ ተመድቧል፣ በመስኮቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ግን ባዶ ነው፤ ያንን ጠረጴዛ ለሳምንታት የተመኘ ሰው ደግሞ ሞልቷል ተብሎ ቤቱ ተቀምጧል።

ከዚህ ይልቅ ድምፁ ያልተሰማ፣ በእኔ ግምት ግን ይበልጥ የሚከብድ ለውጥ በባንክ ካርድ በኩል መጥቷል። የክፍያ ካርድ ኩባንያው አሜሪካን ኤክስፕረስ እ.ኤ.አ. በ2019 ሬዚን ገዛ፤ በ2024 ደግሞ ቶክ የተባለውን ሌላ የማስያዣ አገልግሎት በ400 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። የካርድ ኩባንያ የምግብ ቤት ወንበር ምን ይሠራለታል? ከፍተኛ ዓመታዊ ክፍያ ለሚከፍሉት ደንበኞቹ ሌላው የማያገኘውን ቦታ ይሰጥበታል። ወንበሩ የካርዱ ማሻሻጫ ሆነ ማለት ነው። ቦትን በሕግ ማሳደድ ይቻላል፤ ይኸኛው ግን ምግብ ቤቱ ራሱ የፈረመበት፣ ከሕግ የማይጋጭ ቅድሚያ ነው። ለሁሉም እኩል ይከፈታል የተባለው በር፣ ሲቆይ ከፍ ያለ ካርድ የያዘው ቀድሞ የሚገባበት በር ሆኗል።

ሕጉ ምን አለ፣ ምን ተባለበት?

የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት በ2024 ያጸደቀውን ሕግ አገረ ገዢዋ ካቲ ሆኩል በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ፈረሙበት፤ በ2025 የካቲት ሥራ ላይ ዋለ (ወራቱና ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሕጉ መሠረት ማንኛውም የመሸጫ ድረ ገጽ ከምግብ ቤቱ ጋር የጽሑፍ ስምምነት ሳይኖረው የዚያን ቤት ቦታ ለሽያጭ ማውጣት አይችልም። የተላለፈ ለእያንዳንዱ ጥሰት በቀን እስከ 1,000 ዶላር ይቀጣል።

የሕጉ ደጋፊዎች የሚያነሡት ነጥብ ግልጽ ነው፦ ወንበሩ የምግብ ቤቱ ነው፤ ያልገዛውን ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነጋዴ ሊባል አይገባም። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ሌላ እውነት ይዘዋል። ጊዜ የሌለው ግን ገንዘብ ያለው፣ ገንዘብ የሌለው ግን ጊዜ ያለው ሰው ተገናኝተው ቢለዋወጡ ማን ይጎዳል? ምግብ ቤቱ ራሱ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ስላስቀመጠ አይደለም ወይ ሻጩ የተፈጠረው? ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ ቤከር ካነሣው ጥያቄም ጋር ይገናኛል። ደካማ ጎኑ ግን ያልተሸጡትን ቦታዎች መዘንጋቱ ነው። ቸርቻሪው በነጻ እስከያዘ ድረስ ከሚሸጠው በላይ መያዝ ያዋጣዋል፤ ትርፉ የእሱ፣ ባዶው ወንበር የሌላ ሰው ነው። ሕጉም ቢሆን ምልክቱን እንጂ ምንጩን አልነካም። ማስያዝ ነጻ እስከሆነ ድረስ በነጻ የሚይዝ ሰው ይኖራል።

ቲኬት በቺካጎ፣ ዋስ በኪዮቶ

ምንጩን የነኩ ሁለት መንገዶች አሉ። ኔክስት የተባለው የቺካጎ ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲከፈት ቦታ ማስያዝን ትቶ ራቱን እንደ ቴአትር በቲኬት ሸጠ። ደንበኛው አስቀድሞ ይከፍላል፤ ቢቀር ገንዘቡ ይቀራል። የቅዳሜ ምሽት ዋጋ ከፍ ይላል፣ የሳምንቱ መካከል ዝቅ ይላል። ቶክ የተወለደው ከዚህ ሙከራ ነው። አስይዞ የሚቀር ሰው የሚያስከትለው ኪሳራ በዚህ ይቀንሳል፤ ግን ሕይወቱ ቀድሞ ለመወሰን የማይመችለት ሰው ይገፋል።

ሁለተኛው የጃፓን ነው። በኪዮቶ አንዳንድ የቆዩ ቤቶች ፊቱን የማያውቁትን እንግዳ አያስገቡም፤ ነባር ደንበኛ ማስተዋወቅ አለበት። እንግዳው ቢያጠፋ ወይም ሳይከፍል ቢሄድ የሚጠየቀው ያስተዋወቀው ሰው ነው። በቶኪዮ ሱኪያባሺ ጂሮ የተባለው ዝነኛ የሱሺ ቤት ለአጠቃላዩ ሕዝብ ቦታ ስለማያስይዝ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው፣ ምግብ ቤቶችን በኮከብ በሚመዝነው የሚሸሊን መምሪያ ላይ ሳይካተት ቀርቷል፤ ምግቡ አንሶ አይደለም። የጎንደር ሰው ይህን አሠራር ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። «እገሌ ልኮኝ ነው» የሚለው ቃል እዚህም በር ይከፍታል። ጥንካሬው ቃል እንዳይፈርስ ማድረጉ ነው። ድካሙ ዘመድና ወዳጅ የሌለውን እንግዳ ውጭ ማስቀረቱ ነው፤ ጎንደር ደግሞ በጥር የምትፈልገው በአብዛኛው እንዲህ ያለውን እንግዳ ነው።

ጎንደር በጥር

በጎንደር ዓመቱን ሙሉ የራት ወንበር አይጠፋም፤ ብዙዎቹ ምግብ ቤቶች ቀድሞ ማስያዝን አይጠይቁም። ጥምቀት ግን ሌላ ነው። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ የጥምቀት በዓል ደግሞ በ2019 በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ከተማዋ ከአልጋዋ ቁጥር እጅግ የበዛ ሰው ትቀበላለች።

ሽሚያው በቀንና በሰዓት የተከፋፈለ መሆኑን ከውጭ የሚመጣ ሰው ላያውቅ ይችላል። የከተራ ዕለት ገሃድ ነው፤ ይጾማል። ምግብ ቤቱ ያን ቀን ቢጨናነቅ እንኳ ጥያቄው ለሽሮና ለበያይነቱ ነው። በማግስቱ ጥር 11 ታቦታቱ ሲመለሱ ጾሙ ያበቃል፤ ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆንም አይጾምም። ከሌሊት ጀምሮ ቆሞ ያነጋ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ቁርጥና ዶሮ ወጥ ፍለጋ ይወጣል። በዚያች ከሰዓት በኋላ ወንበር የሚያገኘው ወይ አስጎብኚው ቀደም ብሎ «ለሃያ ሰው ያዙልን» ብሎ የደወለለት ቡድን ነው፣ ወይ የቤቱን ባለቤት የሚያውቅ ነው። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት በሚመለስበት ጥር 12ም ከዚህ ብዙ አይቀንስም።

አልጋው ዘንድ ነገሩ ይከርራል። በብዙ መካከለኛ ሆቴሎች የእንግዳ መቀበያው መሣሪያ ትልቅ ደብተር ነው። ከጥር 9 እስከ 13 ያለው ገጽ ገና በታኅሣሥ ስርዝ ድልዝ ይበዛበታል፦ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የአልጋ ብዛት፣ ከዚያም ከጎኑ በሌላ ቀለም አንዳንዱ ላይ «ከፍሏል»፣ አንዳንዱ ላይ «ይደውላል» ይባላል። ችግሩ ያለው «ይደውላል» የተባለው መስመር ላይ ነው። ያ ሰው ምናልባት በሌሎች ሁለት ሆቴሎች ደብተርም ላይ አለ፤ ስልክ መደወል ብቻ ነበርና የሚፈለገው፣ ለጥንቃቄ ብሎ በሦስቱም ይዟል። ሆቴሉም ይህን ያውቃል። ስለዚህ እሱም ለጥንቃቄ ብሎ ካለው አልጋ በላይ ይመዘግባል። ይህ በእንግዳ መስተንግዶ ሙያ ኦቨርቡኪንግ ይባላል፤ ከአቅም በላይ ማስያዝ ማለት ነው። ሁለቱም ወገኖች ብልህ ሆነው ሳለ ውጤቱ የሚያርፈው ቃሉን አክብሮ በመጣው ሦስተኛ ሰው ላይ ነው። ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ፣ ታቦት ለማሳለፍ በተዘጉ መንገዶች ዞሮ ዞሮ ሲደርስ አልጋው ተይዟል ይባላል። በዚያን ሰዓት ያለው አማራጭ ደላላ ነው።

ሆቴሎችን ብቻ መውቀስ ግን ሚዛን ማዛባት ነው። ኮሮና በ2012 ዓ.ም.፣ የሰሜኑ ጦርነት በ2013፣ ከዚያም በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና ግጭቱ የጎብኚውን እግር አሳጥረውታል። ወራትን ባዶ ያሳለፈ ሆቴል የሠራተኛ ደመወዝና የባንክ ዕዳ በእነዚያ ጥቂት ሌሊቶች ላይ ይጭናል። የእንግዳውም ፍርሃት ከዚሁ ይመጣል፤ በረራ ይሰረዝ እንደሆን፣ መንገድ ይዘጋ እንደሆን እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ገንዘብ ቀድሞ መክፈልን ይሸሻል። በዓለም አቀፍ ድረ ገጾች በኩል የሚያስይዘውም በአገራችን በብዙ ሆቴሎች የሚከፍለው ሲደርስ በመሆኑ፣ ቢቀር የሚያጣው ነገር የለም።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሆነ፣ ደብተር የማያውቀው አንድ ትልቅ ማረፊያ እንዳለም መርሳት አይገባም። ለጥምቀት ከሚመጣው ሕዝብ ብዙው የሚያድረው ዘመድ ቤት ነው፤ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ልጆች ወደ ጎረቤት ይላካሉ። ይህ ባይኖር የሆቴሎቹ ሽሚያ አሁን ካለው እጅግ በባሰ ነበር።

ያለን ግን ያልተጠቀምንበት ሕግ

ጎንደር መፍትሔውን ከቺካጎ መዋስ የለባትም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይደነግጋል። ቀብድ መቀበል ውል መደረጉን ያስረዳል። ተዋዋዮቹ በሌላ መንገድ ካልተስማሙ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ሐሳቡን ቢለውጥ የሰጠውን ያጣል። ቀብድ የተቀበለው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ ይመልሳል።

የመጀመሪያውን ግማሽ ሁሉም ያውቀዋል፤ «ቀብድ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ የማይለጠፍበት ቦታ የለም። ሁለተኛው ግማሽ ግን ተዘንግቷል። ቀብድ ተቀብሎ፣ በጥር 10 የተሻለ ዋጋ ላቀረበ ሰው አልጋውን የሚሰጥ ሆቴል የተቀበለውን ብቻ መልሶ ይቅርታ ቢል አይበቃውም። ዕጥፉ የተደነገገው ለዚህ ነው፤ ቃል ማፍረስ እንዳያዋጣ። ቺካጎ በቲኬት ያሰረችው ደንበኛውን ብቻ ነው። የእኛው ሕግ ሁለቱንም ወገን ያስራል፤ ለዚህ ነው ይበልጥ ፍትሐዊ ሆኖ የማየው። የጎንደር ሰውም ለአሠራሩ እንግዳ አይደለም። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ባለው የሠርግ ወራት አዳራሹም ድንኳኑም ቪዲዮ አንሺውም በቀብድ ነው የሚያዙት።

የሆቴል ባለቤቶች የሚያቀርቡት ተቃውሞ ቀብድ ከጠየቅን እንግዳ ይሸሻል የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ አንድ ሆቴል ብቻውን ከጀመረው ፈላጊው ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ነገር ግን የሚሸሸው በአብዛኛው ሦስት ቦታ የያዘው ሰው ነው። ከዚህ የሚከብደው የእንግዳው ጥያቄ ነው፦ መንገድ ቢዘጋ ወይም በረራ ቢሰረዝ ቀብዴ ምን ይሆናል? ሕጉ በአንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሆነን ኃይል ያውቃል፤ ሆኖም ለአንድ ሌሊት አልጋ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው አይኖርም። ስለዚህ ሆቴሉ ራሱ «በረራ ከተሰረዘ ቀብድ ይመለሳል፣ ወይም ለሌላ ጊዜ ይያዛል» ብሎ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። አሁን ባለው ሁኔታ ይህ መስመር ከሌለ እንግዳው ቀብድ አልሰጥም ቢል አልፈርድበትም።

የማስረጃ ጉዳይም አለ። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የባንክ ዝውውርም እንዲሁ፣ ቀብድ መላክን ቀላል አድርገዋል። የክፍያው መልእክት ግን ገንዘብ መሄዱን እንጂ ለምን እንደሄደ አይናገርም። ከጥር 9 እስከ 12፣ አንድ ክፍል፣ በእገሌ ስም የሚል አጭር የጽሑፍ መልእክት ከሆቴሉ ስልክ ቢላክ የጎደለውን ይሞላል።

ወዴት ሊሄድ ይችላል?

ሰላም ሰፍኖ ጎብኚ ሲመለስ ሽሚያው ይብሳል እንጂ አይቀንስም፤ አልጋ እንደ ጎብኚው ቶሎ አይበዛም። ሆቴሎች በደብተርና በ«ይደውላል» ከቀጠሉ ክፍተቱን ደላላው ይይዘዋል፤ ዛሬ ፒያሳ ቆሞ የሚሠራውን ነገ በቴሌግራም ቻናል ይሠራዋል። አስቀድሞ በእገሌ አገናኝነት አሥር አልጋ ይዞ፣ በከተራ ዋዜማ የሚቸረችር ሰው ለመፈጠር ቦት እንኳ አያስፈልገውም፤ አሥር ስልክ መደወል ይበቃዋል። በስም ያልተያዘ፣ ቀብድ ያልተከፈለበት አልጋ ለዚህ የተመቸ ነው።

ሌላው መንገድ የማስያዣ ኩባንያዎች ገብተው ሥራውን መረከባቸው ነው። ምቾቱ እውነተኛ ነው፤ ደብተሩ ይቀራል፣ ማረጋገጫ ወዲያው ይመጣል። ዋጋውም እውነተኛ ነው፤ ኮሚሽን ይቆረጣል፣ የእንግዳው አድራሻና ልማድ በኩባንያው እጅ ይቀራል፣ ሲቆይም የማን ደንበኛ ይቅደም የሚለውን የሚወስነው ሆቴሉ መሆኑ ያከትማል። በኒውዮርክ የታየው ይኸው ነው። የጎንደር ሆቴሎች ከመስቀል በኋላ የጥምቀት ዋጋቸውን በይፋ ቢያወጡ፣ በጋራም አንድ ዓይነት የቀብድ ደንብ ቢይዙ፣ ኩባንያዎቹ ሲመጡ የራሳቸው ደንብ ይዘው ለመደራደር ይችላሉ።

እስከዚያው ለመጪው ጥር የሚደውል እንግዳ «አልጋ አለ?» ብሎ ስልኩን ከመዝጋት ይልቅ ጥቂት ነገር አጥብቆ ይጠይቅ፦ ዋጋው እስከ ጥር 13 እንዳለ ይጸናል ወይስ ይለወጣል? ቀብዱ ስንት ነው፣ እስከ መቼስ ብሰርዝ ይመለሳል? አልጋው ተይዞ ብደርስ ዕጥፉን ትመልሳላችሁ? በረራዬ ቢሰረዝስ? መልሱን በጽሑፍ የላከ ሆቴል አልጋውን ለሌላ የመስጠቱ ዕድል ያነሰ ነው፤ መልስ የሌለው ደግሞ ያንኑ ቀን ሌላ ሆቴል ለመፈለግ ጊዜ ይሰጣል።